ንፋስ ልንቀበል የሄድን ዕለት

የእህቴ ባል ጎሚስታ ነው። በሰፈሩ ስሙን የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ሁሉም "ጎሚስታው" ነው የሚለው። እህቴ እንኳ ስትቆጣ "አንተ ሰውዬ"፣ ደስ ሲላት ደግሞ "የኔ ጎሚስታ" ትለዋለች። እኔ ጋሼ እለዋለሁ።

ሱቁና መኖሪያ ቤታችን አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። በግድግዳው ማዶ የንፋስ መሙያው ሞተር ቀኑን ሙሉ ያጓራል። መጀመሪያ ከነሱ ጋር መኖር ስጀምር ድምፁ እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር፤ አሁን ዝም ሲል ነው የምነቃው። የሱቁ ምልክት በር ላይ የቆመ ያረጀ የጭነት መኪና ጎማ ነው፤ ጽሑፍ የሚባል ነገር የለውም። ውስጡ ላስቲክና ማስቲሽ ይሸታል። ግድግዳው ላይ ከመነዳሪዎች፣ እነዚያ ከጎማ ሆድ ውስጥ የሚገቡት ለስላሳ ላስቲኮች፣ እንደ ልብስ ተጣጥፈው ተሰቅለዋል። ጥግ ላይ ከወገቡ የተቆረጠ በርሜል ውሃ ሞልቶ ተቀምጧል። ጋሼ የተነፋ ከመነዳሪ እዚያ ውስጥ ይደፍቅና ፊቱን ወደ ውሃው አስጠግቶ አረፋ ይጠብቃል። አረፋው ብቅ ሲል "አገኘሁሽ!" ይላል፣ ድብብቆሽ እንደሚጫወት ልጅ።

ጋሼ አጭር ነው። ከትልቅ ጎማ ጀርባ ከቆመ አይታይም። ሹፌሮች መጥተው "ሰው የለም እንዴ?" ብለው ሲጣሩ፣ ከጎማው ጀርባ "አለ! ትንሽ ነው እንጂ አለ!" የሚል ድምፅ ይመልስላቸዋል። እጆቹ ግን ለሌላ ሰው ተለክተው የተሰፉ ይመስል ረጃጅም ናቸው። ሁለቱን ልጆቹን፣ እህቴንና የታጠበ ልብስ የሞላ ሳፋ አንድ ላይ ሲያቅፍ በዓይኔ አይቻለሁ።

የሚያወራው ሁሉ በሥራው ቋንቋ ነው። የከፋው ሰው ሲያይ "ምነው፣ ዛሬ ንፋስህ ጎድሏል" ይላል። ደረቱን ነፍቶ የሚሄድ ሰው ካለፈ ደግሞ "ከልኩ በላይ ተሞልቷል፤ ፀሐይ እንዳያገኘው" ይለኛል በሹክሹክታ። ገና ሁለት ዓመት የሆናት ሴት ልጁ አልጋ ስለምታረጥብ "ቀዳዳ" ይላታል። ስድስት ዓመት የሞላው ወንድሟ ከእኩዮቹ ሁሉ ያነሰ ነው፤ ስሙ "ነጥብ" ነው።

ጋሼ አንድ ጎማ ነፍቶ ሲጨርስ ጣቱን በምራቁ ያርስና የንፋስ ማስገቢያው አፍ ላይ ያደርጋል። ምራቁ አረፋ ካልሠራ "ደህና ነው፣ አይተነፍስም" ብሎ ክዳኑን ያጠብቃል። ይህንኑ ልጆቹን ሲያጥብ ይደግመዋል። ገላቸውን አድርቆ በፎጣ ከጠቀለላቸው በኋላ እምብርታቸውን በእርጥብ ጣቱ ይነካና "ትሽሽሽ" ይላል፤ እነሱ በሳቅ ይንከተከታሉ። "የንፋስ ማስገቢያችሁ እዚህ ነው። እስኪ ልየው፤ ደህና ነው፣ አይተነፍስም!" ይላል። ቤቱ ውስጥ ይህን ጨዋታ ከቁም ነገር የቆጠረው አንድ ሰው ብቻ እንደሆነ ያወቅነው ኋላ ነው።

ስለ ካፖርቱም ልንገራችሁ። ጋሼ የብርድ ጠዋት የሚለብሰው ጥቁር ካፖርት አለው፤ ልባሽ ነው፣ መጀመሪያ የለበሰው ሰው ግንብ የሚያህል ሳይሆን አይቀርም። ጋሼ ሲለብሰው ጫፉ መሬት ይጠርጋል። እህቴ "አምጣው ላሳጥርልህ" ባለችው ቁጥር "ተይው፣ ማን ያውቃል" ይላታል። ምኑን ማን እንደሚያውቅ ግን ነግሯት አያውቅም።

እሁድ የጎሚስታ ገበያ ነው። ሰው ሁሉ እሁድ ሊዝናና ይወጣል፤ ሊዝናና ከወጣው መሐል አንዱ ሚስማር ይረግጣል፣ ከዚያ ጋሼ ጋ ይመጣል። ስለዚህ ቤታችን የሌላው ሰው ሽርሽር የሚጠገንበት እንጂ ለራሱ ሽርሽር የሚወጣ ቤት አልነበረም። "የሚቀጥለው እሁድ" የሚለውን ቃል ልጆቹ ሰምተው ሰምተው ሰልችቷቸዋል።

ታዲያ ነጥብ ትምህርት ቤት የሚገባበት ሰኞ ሲቃረብ፣ ጋሼ ዋዜማውን እሁድ ሊያዝናናን ቃል ገባ። አንድ ቀን ጋሼ ከጭነት መኪና ሥር ተጋድሞ እያለ ልጁ ሄዶ አጠገቡ ቁጢጥ አለ።

"አባዬ፣ እሁድ የት ነው የምንሄደው?"

"መናፈሻ!" አለ ጋሼ ከመኪናው ሥር። ሞተሩ ይጮሃል።

"መንፊያ?"

"አዎ፣ መናፈሻ!"

"እዚያ ምን እንሆናለን?"

"ንፋስ እንቀበላለን!"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ሌላ ሰው ሆነን እንመለሳለን! በል ያንን ብረት አቀብለኝ።"

ነጥብ ብረቱን አቀበለው። እስቲ በጎሚስታ ልጅ ጆሮ ስሙት። እሱ ከተወለደ ጀምሮ ሲያይ ንፋስ የሚቀበለው ጎማ ነው። ከስቶ፣ ተኮማትሮ፣ አሳዛኝ ሆኖ ይመጣል፤ ንፋስ ይቀበላል፤ ሌላ ጎማ ሆኖ ይሄዳል። እምብርቱ የንፋስ ማስገቢያ መሆኑን ደግሞ አባቱ ራሱ ነግሮታል። ስለዚህ ከተማው ውስጥ አንድ ትልቅ የልጆች መንፊያ እንዳለ፣ እሁድም ተራው እንደደረሰው ገባው።

ለምን ያን ያህል እንደቸኮለም በኋላ ነው የሰማነው። የፀጉር አስተካካዩ ልጅ፣ የሰፈራችን ረጅሙ ልጅ፣ ግድግዳ ላይ አስደግፎ ለክቶት ነበር። "ሰኞ ሰልፍ ላይ ከሁሉም ፊት ነው የሚያቆሙህ" አለው። "አባትህም እንደዚህ ሆኖ ነው የቀረው። አንተም እንደዚሁ ትቀራለህ።" ነጥብ ይህን ለማንም አልነገረም። ሰኞ ሳይደርስ መነፋት ነበረበት፣ በቃ።

ያን ሳምንት እጁ ከሆዱ አልጠፋም። ሸሚዙን ገልጦ፣ ጣቱን አርሶ፣ እምብርቱን ነክቶ ጎንበስ ብሎ ያያል።

"ሆድህን አመመህ እንዴ?" አለችው እህቴ።

"አላመመኝም። አይተነፍስም።"

"ምኑ?"

"ምንም።"

እህቴ ግንባሩን ዳሰሰች። "ይሄ ልጅ ትኩሳት ካለው እሁድ የትም አንሄድም" ስትል ነጥብ እንዲህ ሮጦ፣ እንዲህ ዘሎ፣ ደረጃውን ሦስት ጊዜ ወጥቶ ወርዶ ጤነኝነቱን አስመሰከረ።

እሁድ ጠዋት ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ድንችና ሙዝ ቋጠርን። ጋሼ ደግሞ የራሱን ስንቅ አዘጋጀ፤ አንድ የጭነት መኪና ከመነዳሪ አጣጥፎ፣ የእግር መንፊያውን ጨምሮ ጀርባው ላይ አሰረ። "ሰው ለሽርሽር ኳስ ይዞ ይወጣል" አለች እህቴ። "ኳስ አንድ ሰው ነው የሚያጫውት፤ ይሄ መንደር ያጫውታል" አላት። ነጥብ ቁርሱን ነካ ነካ አድርጎ ተወው። ብላ ሲሉት "ቦታ ልተው ነው" አለ። ደግሞም ከሱ የሚበልጥ የገበያ ቦርሳ እየጎተተ ብቅ አለ። ልየው ስለው ሁለት እጁን አፉ ላይ አደረገ፤ የቦርሳው አፍ ላይ ማለቴ ነው። "ስንመለስ ነው የሚከፈተው" አለኝ።

በሩን ቆልፈን ልንወጣ ስንል አንድ መኪና እያነከሰ መጥቶ ፊታችን ቆመ። ሹፌሩ አንገቱን አወጣ።

"ጎሚስታው፣ ድረስልኝ! ጎማዬ ተነፈሰ!"

ሁላችንም ጋሼን አየነው። እህቴ ቋጠሮውን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረችው። ነጥብ የቦርሳውን ጆሮ አንቆ ይዟል። ጋሼ ጎማውን አየ። እጁ እንደ ልማዱ ወደ ኪሱ፣ ወደ ቁልፉ ሄደ። ከዚያ ልጁን አየ፣ እጁንም መለሰ።

"ወንድሜ፣ ዛሬ እኔም ልተነፍስ ነው" አለው። "ታች መስቀለኛው ጋ ሌላ ጎሚስታ አለ፤ ጎበዝ ነው። ቀስ ብለህ ንዳ።"

ሹፌሩ ደነገጠ፤ ቀጥሎ ሳቀ። "በል ጥሩ አርገህ ተንፍስ!" ብሎ እያነከሰ ሄደ።

አውቶቡሱ ውስጥ ነጥብ ጭኔ ላይ ተቀምጦ ነበር። ጥቂት እንደሄድን ዞር ብሎ በሐዘኔታ አየኝ።

"አክስቴ፣ ስንመለስ ጭንሽ አይችለኝም" አለኝ።

"ለምን?"

"ታያለሽ።"

መናፈሻው ሰፊ ነው። ሣር፣ ትልልቅ ዛፎች፣ ቀለማቸው የለቀቀ አግዳሚ ወንበሮች፣ ቁልቁል የሚወርድ ሜዳ። ጋሼ ጥላ መርጦ ከመነዳሪውን ዘረጋና መንፊያውን በእግሩ ይረግጥ ጀመር። ቀዳዳ ገና ያልተነፋው ላስቲክ ላይ ተንከባላ ተኛች። ነጥብ ግን ለሣሩም ለዛፉም ደንታ አልሰጠም። እጄን ይዞ እያንዳንዱን ጥግ ያስሳል። "እዚህ አይደለም" ይላል። "እዚያ ደግሞ እንይ።" ምን እንደሚፈልግ ብጠይቀው "ሰልፍ ያለበት ቦታ" አለኝ። ሽንት ቤት መስሎኝ ወስጄው ነበር፤ በጣም ታዘበኝ።

ከዚያ ድንገት ቆመ። በመንገዱ መታጠፊያ አንዲት ፊኛ ሻጭ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ሰፊ፣ ክብ፣ ደማቅ ቀሚስ የለበሰች፣ ትልቅ ባርኔጣ የደፋች ሴት ናት። እጇ ላይ የፊኛ መንፊያ አለ። ፊቷ ልጆች ተሰልፈዋል።

"አገኘሁሽ!" አለ ነጥብ፣ ልክ እንደ አባቱ።

እጄን ለቆ ሮጠና ሰልፉ መጨረሻ ላይ ቆመ። ፊኛ ሊገዛ መስሎኝ ቀስ ብዬ ተከተልኩት። ተራው ደረሰ።

"የኔ ጌታ፣ ምን ቀለም ላድርግልህ?" አለችው።

"እትዬ፣ ፊኛ አይደለም። እኔን ነው።"

"አንተን ምን?"

"እኔን ይንፉኝ።" ሸሚዙን ገለጠ፤ ጣቱን አርሶ እምብርቱን ነካ፤ ጎንበስ ብሎ መረመረ። "አይተነፍስም። ሳምንቱን ሙሉ አይቼዋለሁ።"

ሴትዮዋ መንፊያዋን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። "ምን ያህል ልንፋህ ታዲያ?"

ነጥብ ከባርኔጣዋ እስከ ጫማዋ በጥንቃቄ አያት። አፍሮ ድምፁን ቀነሰ።

"እንደ እርስዎ ባይሆን። ቁመቱን ብቻ። ወደ ጎን አይሁን።"

ሴትዮዋ ሳቀች። ስትስቅ ሁለመናዋ ነው የሚስቀው፤ ባርኔጣዋ ወደቀ፣ ፊኛዎቹ ተንቀጠቀጡ። የተሰለፉት ልጆች ሳቁ፣ እናቶቻቸው ሳቁ፣ እኔም ሳላስበው አመለጠኝ። ነጥብ ብቻ አልሳቀም። አንድ በአንድ አየን። ፊቱ ላይ የሆነውን መናገር ይከብደኛል፤ በርሜሉ ውስጥ ቀዳዳው ሲገኝ አረፋው እንዴት ነው የሚወጣው? እንደዚያ፣ ከውስጡ የሆነ ነገር ሹልክ ሹልክ እያለ ሲወጣ አየሁት። ሸሚዙን መለሰ። ሮጦ ሄዶ ቦርሳው ላይ ተቀመጠና ፊቱን ጉልበቱ ውስጥ ቀበረ።

ጋሼ መርገጡን አቆመ። የሆነውን በአጭሩ ነገርኩት። አልሳቀም። መጥቶ ልጁ ፊት ቁጢጥ አለ፤ ቁጢጥ ሲል እኩል ይሆናሉ።

"ይነፉሃል ብሎ ማን ነገረህ?"

"አንተ" አለ ከጉልበቱ ውስጥ። "መንፊያ እንሄዳለን አልክ። ንፋስ እንቀበላለን አልክ። ሌላ ሰው ሆነን እንመለሳለን አልክ።"

ጋሼ አፉን ከፍቶ እህቴን አየ። እህቴ አፏን በሻርፗ ሸፈነች።

"እሺ፣ ብያለሁ" አለ ጋሼ። "ለምን ነበር መነፋት የፈለግከው?"

ነጥብ የቦርሳውን ጆሮ ጠመዘዘ። ከዚያ የፀጉር አስተካካዩን ልጅ፣ ግድግዳውን፣ የነገውን ሰልፍ አወራ። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እንደ አባትህ ሆነህ ትቀራለህ አለኝ።"

 ጋሼ መሬት ላይ ተቀመጠ። ረጃጅም እጆቹን ጉልበቱ ላይ አጣጠፋቸው፤ የሚያደርጋቸው ጠፍቶት እንደሆነ ያስታውቃል።

"አንተስ?" አለ። "እንደኔ መሆን አትፈልግም?"

ልጅ አይዋሽም። ነጥብ ቀና ብሎ አባቱን ከላይ እስከ ታች አየው።

"እጅህን እፈልጋለሁ" አለ። "ቁመትህን አልፈልግም።"

እህቴ ትንፋሿን ያዘች። ጋሼ ግን ሳቅ ጀመረው፣ መጀመሪያ ከትከሻው።

"እጁን እንዴት እንዳገኘሁት ልንገርህ? እኔም ባንተ ዕድሜ ማደግ ፈልጌ ነበር። አንድ ሰው ተንጠልጠል፣ ትረዝማለህ ብሎ መክሮኝ፣ የዛፍ ቅርንጫፍ ይዤ ስንጠለጠል እውል ነበር።"

"ከዚያስ?"

"እጄ ብቻ ረዘመ።"

ነጥብ ሳይፈልግ ሳቀ። ሲስቅ ንፍጡ ከእንባው ጋር ተደባለቀ፤ ጋሼ በእጅጌው ጠረገለት።

"አሁን ስማኝ። ጎማ የተነፈሰ ቀን ምን ይሆናል?"

"ያልቅለታል።"

"ሰውስ? ሰው ካልተነፈሰ?"

ነጥብ አሰበ። ትንፋሹን ያዘ፤ ጉንጩ ተነፋ፣ ዓይኑ ፈጠጠ፣ ከዚያ ፍፍፍ ብሎ ለቀቀው።

"ሰው ካልተነፈሰ ነው የሚያልቅለት!" አለ፣ ተገርሞ።

"አየህ? ጎማን ሌላ ሰው ነው የሚነፋው፤ አንዴ ሞልተህ ትዘጋዋለህ። አንተ ግን አትዘጋም። ስትተኛም፣ ስትጫወትም ራስህ እያስገባህ ራስህ እያስወጣህ ነው። የት ድረስ እንደምታድግ እኔም አላውቅም። እኔ ቁመት ላይ ልትቆም ትችላለህ፤ አልፈኸኝ ልትሄድም ትችላለህ። ለሰኞ ግን አይደርስልህም፣ ልጄ። አልዋሽህም።"

ነጥብ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ የተቀመጠበትን ቦርሳ አስታወሰና አፈረ።

"ምን አለው እሱ?" አለች እህቴ።

"ስንመለስ የምለብሰው" አለ በቀስታ። "የኔ ልብስ አይበቃኝም ብዬ።"

ጋሼ ቦርሳውን ከፈተ። ጥቁሩ ካፖርት ነበር። አወጣውና ሣሩ ላይ ዘረጋው፤ ተዘርግቶ ሲታይ ከሁላችንም ይረዝማል። ጋሼ ኮሌታውን እየዳበሰ ቆየ።

"እኔም ስነፋ ልለብሰው ነበር የገዛሁት" አለ።

እህቴ ያን ጊዜ ነው "ማን ያውቃል" የሚለው የገባት።  መጣችና ጎኑ ተቀመጠች፤ ጭንቅላቷን ትከሻው ላይ ለማድረግ ትንሽ ዝቅ ማለት ነበረባት፤ ዝቅ አለች።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀን ጨዋታ ነው። ነጥብ ራሱ መንፊያውን እየረገጠ ከመነዳሪውን ሞላው፤ ምራቁንም እሱ ነው የነካካው። "አይተነፍስም!" ብሎ ሲያውጅ ከመናፈሻው ጥግ ሁሉ ልጆች መጡ። ዘለሉበት፣ ቁልቁል አንከባለሉት፣ ቀዳዳን መሐሉ አስቀምጠው እንደ ንግሥት ዞሩባት። ፊኛ ሻጯ ሥራዋን ዘግታ አንድ ቀይ ፊኛ ይዛ መጣች።

"ተቀየምከኝ እንዴ የኔ ጌታ?"

"አልተቀየምኩም። እትዬ፣ ይቀመጡበት፤ የጭነት መኪና ነው፣ ይችልዎታል።"

ተቀመጠችበት። ቻላት። ስትነሳ ሁለት ልጆች ወደ ላይ ተስፈንጥረው ሣሩ ላይ ወደቁ፤ ድገሚው ድገሚው ተባለች።

ወደ ቤት ስንመለስ ከአውቶቡስ ወርደን ሰፈራችን መግቢያ ላይ ጋሼ ድንገት ቆመ።

"ና ውጣ" አለ ልጁን፣ ትከሻውን እያሳየ።

ነጥብ ወጣ። ጋሼ ካፖርቱን ልጁ ላይ አስለበሰው፤ እህቴ ከአንገት ጀምራ እስከ ታች ቆለፈችው። ጋሼ ውስጥ ጠፋ። ከላይ ትንሽ ጭንቅላት፣ ከታች የጋሼ ጫማ፤ መሐሉ ግንብ የሚያህል ሰው። ጥቁሩ ካፖርት በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ልኩን አገኘ። እህቴ እየመራችው፣ እኔ ቀዳዳን አዝዬ፣ ከመነዳሪው ትከሻዬ ላይ እየተንዘላዘለ ገባን።

የፀጉር አስተካካዩ ልጅ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጦ ነበር። ብድግ አለ።

"ጌታዬ፣ ማንን ፈልገው ነው?" አለ በአክብሮት፣ ገና ፊቱን ሳያይ።

"ጎሚስታውን" አለ ረጅሙ ሰው፣ ድምፁን አጎርንኖ።

"ዛሬ ዘግቷል።"

ያን ጊዜ ከካፖርቱ ሆድ "ሰው አለ! ትንሽ ነው እንጂ አለ!" የሚል ድምፅ ወጣ። ልጁ ጮኾ ወደ ኋላ ዘለለ፤ ቀና ብሎ ነጥብን ሲያየው አፉ ተከፍቶ ቀረ። የሰፈሩ ልጆች ተሰበሰቡ። ጥቂት ቆይቶ የፀጉር አስተካካዩ ልጅ ራሱ "እኔንም አንዴ፣ አንዴ ብቻ!" እያለ ካፖርቱን ይጎትት ነበር።

"ለነገ" አለ ነጥብ ከላይ። "ከሰልፍ ስንመለስ።"

በራችን ጋ ስንደርስ የካፖርቱ ሆድ ሲነፋና ሲከሳ፣ ሲነፋና ሲከሳ አየሁት። ነጥብም ተሰምቶት ቁልቁል ጎንበስ አለ።

"እማዬ! አባዬ እየተነፈሰ ነው!"

እህቴ ቁልፉን ጥላ ዞረች። "ምን ሆነ? ወደቀ?"

"አይ፣ አትደንግጪ" አለ ነጥብ። "እንደ ጎማ አይደለም። እንደ ሰው ነው።"